የአማካዮች አማካይ፦ የቡድኑ ብዛት ሳይታወቅ ሲቀር

ሁለት ቡድኖች አሉ እንበል። የአንደኛው አማካይ ውጤት 60፣ የሁለተኛው 80 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አማካያቸው ስንት ይሆናል? ብዙ ሰው ሳያቅማማ 70 ይላል። 70 ትክክል የሚሆነው ግን ቡድኖቹ በብዛት እኩል ከሆኑ ነው። በመጀመሪያው 90፣ በሁለተኛው 10 ሰው ካለ መልሱ 62 ይመጣል፤ ብዛቱ ቢገለበጥ 78 ይሆናል። ብዛቱ ጨርሶ ካልታወቀ ደግሞ በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው መልሱ ከ60 እንደማያንስና ከ80 እንደማይበልጥ ብቻ ነው።

ነገሩ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ይመስላል። ሆኖም ስለ ጤና፣ ስለ ትምህርትና ስለ ኑሮ ውድነት የሚወጡ ዘገባዎች ብዙ ጊዜ አማካዩን ይነግሩናል እንጂ ከአማካዩ ጀርባ ስንት ሰው እንዳለ አይነግሩንም። አንባቢም፣ ጋዜጠኛም፣ አንዳንዴ ባለሙያም ያገኛቸውን አማካዮች ደምሮ ለቡድኖቹ ቁጥር ያካፍላል። ይህ መቼ ያስኬዳል? መቼ ያሳስታል? ከዚህ የተሻለስ ምን አለ? ይህ ዳሰሳ የጥያቄውን አመጣጥ፣ ዋና ዋና አቋሞቹንና እያንዳንዱ የቆመበትን ማስረጃ ይመለከታል። «ዓ.ም» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

መነሻው፦ ከከዋክብት እስከ ክትባት

የተለያዩ ልኬቶችን ወደ አንድ ቁጥር የማምጣት ጥያቄ በመጀመሪያ የከበዳቸው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ናቸው። እንግሊዛዊው ሮጀር ኮትስ፣ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1722 በታተመ ጽሑፉ፣ እያንዳንዱ ምልከታ እንደ አስተማማኝነቱ ክብደት ይሰጠው፤ መልሱም የክብደቶቹ የስበት ማዕከል ይሁን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በክብደት የተሰላ አማካይ የምንለው ይኸው ነው። ሌዣንድር በ1805፣ ጋውስ በ1809 ያሳተሟቸው ሥራዎች ደግሞ ለሐሳቡ ጽኑ የሒሳብ መሠረት ሰጡት።

በ1861 ጆርጅ ኤሪ የተባለው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድ አስፈላጊ ነጥብ አነሣ። በአንድ ሌሊት የተወሰዱ ምልከታዎች ሁሉ የሚጋሩት ስህተት ሊኖር ይችላል። ይህ ከሆነ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ መመልከት መቶ እጥፍ ክብደት አያሰጥም። ብዛት ብቻውን የክብደት መለኪያ ላይሆን እንደሚችል የታየው እዚህ ላይ ነው።

በ1904 ካርል ፒርሰን የብሪታንያ ጦር በደቡብ አፍሪካና በሕንድ ለወታደሮቹ የሰጠው የታይፎይድ ክትባት ምን ያህል እንደጠቀመ ሲመረምር የተለያዩ ቡድኖችን ውጤት ማዋሃድ ነበረበት። እሱ የመረጠው ቀላሉን አማካይ ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም ቡድን እኩል ድምፅ ሰጠ። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ዊልያም ኮክራን በእርሻ ሙከራዎች ላይ ተመሥርቶ በ1937፣ ኋላም በ1954 ባሳተማቸው ጽሑፎች ጥያቄውን በሥርዓት አዋቀረው፦ ክብደቱ በምን ይወሰን? በብዛት? በልኬቱ ጥራት? ወይስ እኩል ይሁን? የዛሬው ክርክር መልኩን የያዘው በእነዚህ ሥራዎች ነው።

«ብዛት» ስንል የትኛውን ብዛት?

በክርክሩ ውስጥ ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው።

የመጀመሪያው የቡድኑ እውነተኛ ብዛት ነው፤ በአንድ ክልል የሚኖረው ሕዝብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛው የናሙናው ብዛት ነው፦ ከዚያ ክልል ተመርጠው የተጠየቁት ሰዎች። ሦስተኛው የአማካዩ አስተማማኝነት ነው፤ ይህም በናሙናው ብዛትና በሰዎቹ መካከል ባለው ልዩነት ይወሰናል።

የአገሪቱን አማካይ ለሚፈልግ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብዛት ነው። ከብዙ ሙከራዎች የአንድን መድኃኒት ውጤት ለመገመት ለሚፈልግ ደግሞ ሦስተኛው ይበልጣል። ሁለተኛው በብዙ ሠንጠረዦች ላይ ታትሞ የሚገኝ በመሆኑ በሁለቱም ቦታ ያለ አግባብ ሲሠራበት ይታያል። የሕዝብ ጥናቶች ከትንንሽ ክልሎች በቂ መረጃ እንዲገኝ ሆን ብለው አብዝተው ናሙና ይወስዳሉ። ስለዚህ የናሙናውን ብዛት እንደ ክብደት የወሰደ ሰው ክብደት የሠራ ይመስለዋል እንጂ አሁንም ተሳስቷል።

ሌላው መሠረታዊ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ቀላሉ አማካይ ስህተት የሚሆነው ቡድኖቹ በብዛት ስለተለያዩ ብቻ አይደለም። ስህተት የሚሆነው ብዛቱና አማካዩ አብረው ሲሄዱ ነው። አማካያቸው 50፣ 60 እና 70 የሆኑ ሦስት ቡድኖችን እንውሰድ። ብዛታቸው በቅደም ተከተል 100፣ 500 እና 100 ቢሆን የጋራ አማካያቸው 60 ነው፤ ከቀላሉ አማካይ ጋር አንድ ሆነ። ብዛታቸው 100፣ 200 እና 500 ቢሆን ግን 65 ይሆናል፤ ምክንያቱም ትልቁ ቡድን ከፍተኛ አማካይ ያለውም ቡድን ነው። በሒሳብ ቋንቋ የሁለቱ አማካዮች ልዩነት የሚመጣው ብዛትና ዋጋ በጋራ ከሚያሳዩት ልይይት ነው። ስለዚህ ብዛቱን ያጣ ሰው በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት «ቡድኖቹ እኩል ናቸው ወይ?» ሳይሆን «ትልልቆቹ ቡድኖች ወደ አንድ ወገን ያደላሉ ወይ?» የሚለውን ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ አይገኝለትም፤ ለሁለተኛው ግን ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አጥጋቢ ግምት ሊሰጥ ይችላል።

አንድ ሠንጠረዥ በቅርበት፦ በርክሌይ፣ 1973

ክብደት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከሚያሳዩ መረጃዎች በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የ1973 የድኅረ ምረቃ ቅበላ የታወቀ ነው። ቢክል፣ ሀመልና ኦኮኔል በ1975 በሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት ካመለከቱት 8,442 ወንዶች 44 በመቶው፣ ከ4,321 ሴቶች ደግሞ 35 በመቶው ተቀባይነት ማግኘታቸው ተገለጸ። ላይ ላዩን ሲታይ በሴቶች ላይ አድልዎ ያለ ይመስላል።

ብዙ አመልካች የነበራቸውን ስድስት የትምህርት ክፍሎች ለይተን እንያቸው። የወንዶች የቅበላ መጠን በየክፍሉ 62፣ 63፣ 37፣ 33፣ 28 እና 6 በመቶ ነበር፤ የሴቶቹ 82፣ 68፣ 34፣ 35፣ 24 እና 7 በመቶ። የክፍሎቹን አመልካቾች ብዛት ሳያውቅ ቀላሉን አማካይ የሚሠራ ሰው ወንዶች 38፣ ሴቶች 42 በመቶ የሚል ውጤት ያገኛል፤ ሴቶች በለጡ። ብዛቱን አስገብቶ የሚያሰላ ደግሞ ወንዶች 45፣ ሴቶች 30 በመቶ ያገኛል፤ ወንዶች በለጡ። ከአንድ ሠንጠረዥ ተቃራኒ መደምደሚያ ወጣ።

ምክንያቱ በአመልካቾቹ ስርጭት ላይ ነው። ለመግባት ቀላል ወደሆኑት ወደ ሁለቱ የመጀመሪያ ክፍሎች ያመለከቱት ወንዶች 1,385 ነበሩ፤ ከወንዶቹ ግማሽ በላይ መሆናቸው ነው። ሴቶቹ 133 ብቻ ነበሩ፤ ከሴቶቹ 7 በመቶ ገደማ። አብዛኞቹ ሴቶች ያመለከቱት ብዙ ሰው ወደሚመለስባቸው ክፍሎች ነው። ይህን መሰሉን መገለባበጥ ፒርሰን በ1899፣ ዩል በ1903 ጠቁመውት ነበር። በ1951 ስለ ጉዳዩ በጻፈው በኤድዋርድ ሲምፕሰን ስም የተጠራው ግን ብላይዝ በ1972 ስሙን ካወጣለት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ሦስተኛ መንገድም አለ። ለወንዶችም ለሴቶችም አንድ ዓይነት ክብደት፣ ማለትም የየክፍሉን ጠቅላላ አመልካች፣ መጠቀም ይቻላል። ይህን ስናደርግ ወንዶች 39፣ ሴቶች 43 በመቶ ይሆናሉ። ሦስቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። «ካመለከቱት ስንቱ ገቡ?» ለሚለው ሁለተኛው፣ «ሁለት አመልካቾች በአንድ ዓይነት ክፍሎች ተሰልፈው ቢሆን ማን የበለጠ ይገባ ነበር?» ለሚለው ሦስተኛው መልስ ይሰጣል። የመጀመሪያው ስለ ክፍሎቹ እንጂ ስለ ሰዎቹ አይናገርም።

አንደኛው አቋም፦ እኩል ክብደት ይሰጣቸው

ብዛት ሲጠፋ ሁሉንም እኩል እንመዝን የሚሉ ሦስት ዓይነት መከራከሪያ ያቀርባሉ።

የመጀመሪያው ከላፕላስ ዘመን የመጣ ነው፦ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ምክንያት ከሌለ እኩል ማየት ይገባል። ሁለተኛው በተግባር የተፈተነ ነው። ቤትስና ግሬንጀር በ1969 የተለያዩ ትንበያዎችን በክብደት ማዋሃድን ካስተዋወቁ ወዲህ ብዙ ጥናት ተካሂዷል፤ ቀላሉ አማካይም በረቀቀ ዘዴ የተሰላ ክብደት ካለው ጋር ሲወዳደር ደጋግሞ እኩል ሲሆን አልፎም ሲያሸንፍ ታይቷል። ስቶክና ዋትሰን በ2004 ጉዳዩን እንቆቅልሽ ብለውታል። ስሚዝና ዋሊስ በ2009 እንዳስረዱት ዋናው ምክንያት ክብደቱን ለመገመት ሲሞከር የሚፈጠረው ስህተት ክብደቱ ከሚያስገኘው ጥቅም መብለጡ ነው። ሦስተኛው መከራከሪያ የጥያቄው ባለቤት ቡድኑ ራሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ የሚል ነው። ብራንኮ ሚላኖቪች በ2005 በታተመ መጽሐፉ አገሮችን እኩል በመቁጠርና በሕዝብ ብዛታቸው በመመዘን መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ አሳይቷል። ከ1980 አንሥቶ በነበሩት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በአገሮች መካከል ያለው የገቢ ልዩነት አገሮች እኩል ሲቆጠሩ ሰፋ፤ በሕዝብ ብዛት ሲመዘኑ ግን በተለይ በቻይና ዕድገት ምክንያት ጠበበ። የመንግሥታትን ፖሊሲ ለሚያነጻጽር ሰው የመጀመሪያው አማራጭ ግምት ሳይሆን ትክክለኛው ልኬት ነው።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ከባድ ነጥብ አለ። ቀላሉ አማካይ ቡድኖቹ በተከፋፈሉበት መንገድ ይወሰናል። ከተማ 25፣ ገጠር 40 ከሆነ ቀላሉ አማካይ 32.5 ነው። ገጠሩን እያንዳንዳቸው 40 በሆኑ በሁለት ዞኖች ብንከፍለው አማካዩ 35 ይሆናል። በአንድም ሰው ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ነው። ብዛት አለማወቅ ብዛቱ እኩል መሆኑን ማወቅ አይደለም።

በእኩል ክብደት ውስጥም ቢሆን ምርጫ አለ። በዋጋ ስታቲስቲክስ የየሱቁ የሽያጭ መጠን ብዙ ጊዜ ስለማይታወቅ የአንድ ዕቃ ዋጋዎች ያለ ክብደት ይዋሃዳሉ። የአንዱ ዋጋ እጥፍ ቢሆንና የሌላው በግማሽ ቢወርድ ጣሊያናዊው ካርሊ በ1764 ባቀረበው ዘዴ ዋጋ በ25 በመቶ ጨመረ ይባላል፤ ጄቮንስ በ1863 በተጠቀመበት ጂኦሜትሪያዊ አማካይ ግን ለውጥ የለም። የብሪታንያ የችርቻሮ ዋጋ መለኪያ በ2013 ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ዕውቅናውን ያጣበት ዋና ምክንያት የካርሊ ዘዴ ነበር።

ሁለተኛው አቋም፦ ወሰኑን ብቻ እንናገር

ቻርልስ ማንስኪ ከ1980ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ያስፋፋው የአስተሳሰብ መስመር መረጃው የማይፈቅደውን ነጥብ ከመናገር መረጃው የሚፈቅደውን ወሰን መናገር ይሻላል ይላል። ሐቀኛ አቋም ነው። ድክመቱ ወሰኑ ብዙ ጊዜ ለውሳኔ የማይመች ያህል ሰፊ መሆኑ ነው።

ወሰኑ ውስጥ አንድ ነጥብ መምረጥ ግድ ከሆነስ? እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ልዩነት አለ። አማካያቸው 20፣ 60 እና 70 የሆኑ ሦስት ቡድኖች ቢኖሩ ቀላሉ አማካይ 50 ነው። የዝቅተኛውና የከፍተኛው መካከል ግን 45 ነው። በከፋ ሁኔታ የሚደርስብን ስህተት በ50 እስከ 30፣ በ45 ደግሞ እስከ 25 ነው። ስለዚህ ከከፋ ስህተት መጠበቅ የሚፈልግ ሰው 45ን፣ ሁሉም ዓይነት ክብደት እኩል የመሆን ዕድል አለው ብሎ የሚነሣ ደግሞ 50ን ይመርጣል። ቡድኖቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ መልሶች ስለሚገጥሙ ልዩነቱ ተሰውሮ ይቀራል።

ሦስተኛው አቋም፦ የጠፋውን ብዛት እንፈልገው

ብዛቱ አልታተመም ማለት ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይደለም። መደበኛ ልይይትና መደበኛ ስህተት አብረው ከተገለጹ አንዱን ለሌላው አካፍሎ በራሱ ማባዛት የናሙናውን ብዛት ይሰጣል፤ 12 እና 1.5 ከሆኑ ናሙናው 64 ነው። ውጤቶቹ ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ከሆኑ አማካዩ ራሱ ይመሰክራል፦ 3.47 የሚል አማካይ ከ15 ሰው ባነሰ ቡድን ሊገኝ አይችልም። ብራውንና ሄዘርስ በ2017 ያሳተሙት የታተሙ ውጤቶችን የመፈተሻ ዘዴ የቆመው በዚህ ባሕርይ ላይ ነው።

ጠቅላላው አማካይ የታተመ እንደሆነ ደግሞ የሁለት ቡድኖችን ድርሻ ወደኋላ ማስላት ይቻላል። በ2008 ዓ.ም የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል በከተማ 25፣ በገጠር 40፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 38 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። ከ25 እስከ 40 ያለው ርቀት 15 ነው፤ ከ25 እስከ 38 ያለው 13። 13 ለ15 ሲካፈል የገጠሩ ድርሻ 87 በመቶ ገደማ መሆኑ ይገኛል። ሆኖም ሦስቱም ቁጥሮች ወደ ሙሉ ቁጥር የተጠጋጉ ስለሆኑ እውነተኛው ድርሻ ከ80 እስከ 93 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ቀላሉን አማካይ የወሰደ ሰው 32.5 ብሎ የችግሩን መጠን በአምስት ነጥብ ተኩል አሳንሶ ይዘግብ ነበር። ትልቁ ቡድን ችግሩ የጸናበት ቡድን ስለነበር ስህተቱ ወደ አንድ ወገን አደላ።

ብዛቱ ራሱ ግምት ሲሆን፦ የኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የተለየ ክብደት አለው። አጠቃላይ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አራተኛው ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሞ፣ በሰኔ 2011 ዓ.ም በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ እንደገና እንዲተላለፍ ከተወሰነ በኋላም ለዓመታት ሳይካሄድ ቆይቷል። ከላይ የተጠቀሰው የ2008 ዓ.ም ጥናት ናሙናውን ያወጣው ከ1999 ዓ.ም ቆጠራ ማዕቀፍ ነው፤ 645 የቆጠራ ቦታዎች የተመረጡት ከዚያ ነው።

በ1999 ዓ.ም ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183 ሺህ ገደማ፣ የኦሮሚያ 27 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የክልሎችን አማካይ ደምሮ በክልሎች ቁጥር የሚያካፍል ሰው ለአንድ የሐረሪ ነዋሪ ከአንድ የኦሮሚያ ነዋሪ ወደ 150 እጥፍ የሚጠጋ ድምፅ ይሰጣል። ይህን ስህተት ለማረም የቆጠራ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ያለው ግን ከአሮጌ ቆጠራ የተነሣ ትንበያ ነው። ፍልሰት፣ የከተሞች መስፋፋትና በግጭት የተፈናቀለው ሕዝብ ብዛት ትንበያውን ምን ያህል እንዳራቀው ያለ ቆጠራ ማወቅ አይቻልም። ቆጠራም ራሱ ከክርክር አያመልጥም፤ የ1999 ዓ.ም ውጤት ሲገለጽ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተጠበቀው ማነሱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጭምር ጥያቄ አስነሥቶ ነበር።

ያልተቋጩ ነጥቦች

የመጀመሪያው ክርክር ትንንሽ ቡድኖችን ይመለከታል። ዴርሲሞኒያንና ሌርድ በ1986 ያቀረቡትና በሕክምና ምርምር በስፋት የተሠራበት ዘዴ ጥናቶቹ እርስ በርስ በጣም ሲለያዩ ክብደታቸውን ወደ እኩልነት ያቀርባል። የኤሪን የ1861 ስጋት ስለሚመልስ ይደገፋል። ነገር ግን ትንንሽ ጥናቶች ውጤታቸው የጎላ ሲሆን ነው ለኅትመት የሚበቁት የሚል ጠንካራ ጥርጣሬ አለ፤ ያ ከሆነ ለእነሱ ክብደት መጨመር ስህተቱን ያባብሳል።

ሁለተኛው ክርክር ግምታዊ ክብደት ከእኩል ክብደት ይሻላል ወይ የሚል ነው። የትንበያ ተመራማሪዎች ልምድ ተጠንቀቁ ይላል። ይሁን እንጂ ትንበያዎች ስለ አንድ ነገር የተሰጡ ግምቶች ሲሆኑ ክልሎች ግን የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው፤ የአንዱ ልምድ ለሌላው ሙሉ በሙሉ አይሠራም። አንዱ ቡድን ከሌላው መቶ እጥፍ እንደሚበልጥ ሲታወቅ ሻካራ ግምትም ከእኩልነት ይሻላል።

ሦስተኛው የምስጢር ጉዳይ ነው። በትንንሽ ቡድኖች ብዛትን ማተም የግለሰቦችን ማንነት ሊያጋልጥ ስለሚችል መሥሪያ ቤቶች ቁጥሩን የሚደብቁበት በቂ ምክንያት የሚኖርበት ጊዜ አለ። የሕዝብን የማወቅ መብትና የሰውን ገመና አስታርቆ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ መፍትሔ እስካሁን አልተገኘም።

የዳሰሳው ፍርድ

ማስረጃው በአንድ ላይ ሲታይ ለሁሉም የሚሠራ ቀመር የለም፤ የማያሻማ ቅደም ተከተል ግን አለ። በቅድሚያ የማን አማካይ እንደተፈለገ ይለይ፦ የሰዎቹ ነው ወይስ የቡድኖቹ? የቡድኖቹ ከሆነ እኩል ክብደት ትክክል ነው። የሰዎቹ ከሆነ ብዛቱ ይፈለግ፤ ከታተመው መረጃ ሊወጣ ይችላልና። ካልተገኘ ትልልቆቹ ቡድኖች ወዴት እንደሚያደሉ ይገመት፤ ውጤቱም ከነወሰኑ ይነገር። ያለ ምንም ማብራሪያ የአማካዮችን አማካይ ማተም ከእነዚህ መንገዶች በአንዱም አይደገፍም።

ትልቁ ኃላፊነት ግን ያለው መረጃውን በሚያወጣው ላይ ነው። ከእያንዳንዱ አማካይ ጎን የሰዎቹን ብዛት መጻፍ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ይጠይቃል። ያ ዓምድ ሲጎድል በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ምንም ያህል ቢራቀቅ ሙሉ በሙሉ ሊተካው አይችልም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና የዜና ተቋማት አማካይ ሲያወጡ ብዛቱንም ያውጡ። አንባቢም አማካይ በተነገረው ቁጥር «ከስንት ሰው?» ብሎ ይጠይቅ።